ከመኪና ማቆሚያው ጥግ

ለግቢው የሚነጠፍ ሳር የጫነው ትራክ ቢፕ ቢፕ እያለ ወደ ኋላ ሲጠጋ፣ እትዬ ብርቅነሽ ጠጠሩ ላይ ተንበርክከዋል።

"እትዬ፣ ይነሱ እንጂ! ትራኩ ዌይት እያደረገ ነው" ይላል አሞጽ። አሜሪካ፣ ሜይላንድ ሃይትስ ያለው የጸሎት ቤታቸው ግቢ ኃላፊ ነው። ከሰዓት ሰርግ ስላለ ሙሉ ሱፍ ለብሷል።

"ና እይ! በቅሏል!"

"አረም ነው። አምናም እንዲሁ ብለው ነበር።"

እውነቱን ነው። አምና እትዬ የአበባ ዘር ከግቢው ታች ዘሩ፤ ዋልካው ውሃ ቋጥሮ አበሰበሰው፤ ብቅ ያለው ሁሉ አረም ሆነ። ኮሚቴውም "ግቢው በሙሉ ሳር ይልበስ" ብሎ ወሰነ። እሳቸው ግን በረዶ ሳይጥል የተረፋቸውን እፍኝ ዘር ማንም ከማይፈልገው ከመኪና ማቆሚያው ጥግ፣ ጠጠርና አሸዋው ላይ በትነው፣ ረገጥ ረገጥ አድርገውት ሄዱ። የዚሁ አገር የሜዳ አበባ ነው፤ መሀሉ ቀይ፣ ጫፉ ቢጫ። ደረቅ መሬት ይወዳል።

"አበባ መሆኑን በምን አወቁ?"

እትዬ ብርቅነሽ ጉልበታቸውን ደግፈው ይነሱና ወደ መኪናቸው ይሮጣሉ። በሰባ ዓመታቸው ይሮጣሉ! አፈር የሞላ የእርጎ ዕቃ ይዘው ይመለሳሉ።

"ከዚያው ዘር ቤቴ መስኮት ላይ ያበቀልኩት ነው። አስተያየው።"

አሞጽ ጎንበስ ይላል። ከዚያ ሱሪውን ረስቶ ይንበረከካል። የዕቃውን ቅጠል በጣቱ ይነካል፤ የመሬቱንም ይነካል። ሁለቱም ሞላላ፣ ሁለቱም እንደ ሕፃን ጆሮ ለስላሳ ፀጉር ያላቸው ናቸው።

"ሴም ነው" ይላል ቀስ ብሎ። ከዚያ ድምፁ ከፍ ይላል። "እትዬ፣ ኤግዛክትሊ ሴም ነው!"

"አላልኩህም!" እልልታቸውን ያቀልጡታል። የትራኩ ሹፌር ምን መጣ ብሎ አንገቱን በመስኮት ያወጣል።

አሞጽ ብድግ ብሎ እጁን እያወናጨፈ በእንግሊዝኛ ይጮኻል፦ "ቁም! ሳሩን ወደ ታች ውሰደው፣ ወደ ጭቃው!" ከዚያም ወደ እትዬ ዞሮ "ሳሩ ዋልካውን አይጠላም፤ ኮሚቴውን እኔ አናግራለሁ" ይላቸዋል።

ወደ ትራኩ ሊሄድ እግሩን ያነሳና ወደ መሬት ያያል። ከጫማው አጠገብ ሁለት ቡቃያዎች አሉ። ከፊቱ አምስት። ከኋላው፣ ከግራው፣ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ።

አንድ እግሩን እንዳንጠለጠለ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ ይቆማል።

"እትዬ" ይላል፣ ትንፋሹን ውጦ፣ "የት ልርገጥ?"