ነፋሱ ሲደክም

«ይልቀቁት አባዬ! አይጎትቱት፣ ይልቀቁት!»

አቶ ባየልኝ ግን አልለቀቁም። በስልሳ ሦስት ዓመታቸው በሬም ይሁን ግመል፣ በእጃቸው የገባ ገመድ ሲሸሽ መጎተት እንጂ መልቀቅ አያውቁም። በጎተቱት ቁጥር በገመዱ ጫፍ ነፋስ የሞላው ቀይ ጨርቅ ይብስ ጉልበት አወጣ። ወደፊት አንደርድሮ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ባለቀበት ማሳ ላይ በደረታቸው ዘረጋቸው።

ልጃቸው ስርጉት እየሮጠች መጥታ ተንበረከከች። «ተጎዱ?»

«ምን እሆናለሁ፤ አፈሩ የራሴ ነው» አሉ አቧራውን ከጢማቸው እያራገፉ።

ስርጉት ከሱዳን ከተመለሰች ሦስተኛ ወሯ ነው። በመተማ በኩል ተሻግራ ገንዳ ውሃ ከተማ ስትገባ የያዘችው አንድ ቦርሳ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤት ትጠርጋለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ሲጠሯት «አቤት» ትላለች፤ ከዚያ የዘለለ ቃል የላትም። እናቷ ተናኘወርቅ፣ «ምን ደረሰብሽ? ማን ምን አደረገሽ?» እያለች በጠየቀቻት ቁጥር ልጅቱ ይብስ ትዘጋለች። ባየልኝ አንድም ቀን አልጠየቁም። ዛሬ ከሰዓት ግን ያንን ቀይ ጨርቅ ከቦርሳዋ አውጥታ ፀሐይ ላይ ስታናፍሰው አገኟት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ካይት ነው። ሰው እግሩን ጣውላ ላይ ያስርና ይሄን ይይዛል። ነፋሱ በባሕሩ ላይ እያንሸራተተ ይወስደዋል።»

ከመጣች ጀምሮ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። ባየልኝ ሳያስቡት፣ «እስቲ አስተምሪኝ» አሉ።

«ባሕር የለንማ፣ አባዬ።»

«ነፋስ አለን።»

ጨርቁን አገላብጣ አየችው። «መጀመሪያም የሚለመደው በየብስ ነው» አለች ኋላ።

አሁን የወደቀውን ካይት አንስታ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈታታች። መያዣውን ዘንግ መልሳ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። «እንደ ሞተር ሳይክል መሪ ቀለል አድርገው ይያዙት። ከፊት ለፊትዎ ካመጡት ጉልበቱ እዚያ ነው፤ ይጥልዎታል። እንደ እኩለ ቀን ፀሐይ አናትዎ ላይ ካቆሙት ግን ምንም አያደርግዎትም። ከባሰብዎ ይልቀቁት፤ እጅዎ ላይ ያሰርኩት ገመድ ይይዘዋል።»

ካይቱ ሁለቴ ተነስቶ ሁለቴ ወደቀ። በሦስተኛው ባየልኝ እጃቸውን ዘና አደረጉ። ካይቱ ሽው ብሎ ወጣ፣ ግራ ቀኝ ተወዛወዘና አናታቸው ላይ ቀጥ አለ።

«ቆመ!» አሉ በሹክሹክታ፣ ካይቱ እንዳይሰማቸው የፈሩ ይመስል።

«እኔ እንኳ ይህን ለመልመድ አምስት ቀን ፈጅቶብኛል። ረፊቃ ትስቅብኝ ነበር።»

ይህ ስም በቤታቸው ተሰምቶ አያውቅም። ባየልኝ ዘወር ብለው አላዩዋትም። ዐይናቸውን ሰማዩ ላይ እንደተከሉ፣ «ሳቀችብሽ?» አሉ ብቻ።

«ኸሊሁ! ኸሊሁ! ትለኝ ነበር፤ በዓረብኛ ልቀቂው ማለቷ ነው። እኔ ለእንግዶቹ ምግብ አበስል ነበር፣ ቀይ ባሕር ዳር። እሷ ካይቶቹን ትጠብቃለች። ማታ ማታ እንግዶቹ ሲገቡ ታወጣኝና ታስተምረኛለች።» ድምጿ ቀጠነ። «ጦርነቱ ሲነሳ እናቷ ካርቱም ነበሩ። እናቴን ይዣት እመጣለሁ፣ ካይቴን ጠብቂልኝ ብላኝ ሄደች። ስልኳ ሁለት ቀን ሠራ። አምስት ወር ጠበቅኳት፣ አባዬ። ከዚያ ትቻት መጣሁ።»

የባየልኝ ትከሻ መንደድ ጀምሯል። ግን ካይቱ ከወረደ ልታነሳው ትሮጣለች፤ ከሮጠች ደግሞ ወሬው ይቋረጣል። ጥርሳቸውን ነክሰው ያዙት።

ፀሐይዋ ከድንበሩ ማዶ፣ ወደ ገላባት አዘቀዘቀች፤ ነፋሱም አብሮ ደከመ። ካይቱ ዝቅ ዝቅ አለ።

«ነፋሱ ሲደክም ወደ ኋላ መራመድ ነው» አለች ስርጉት። «እርምጃዎ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። አይፍሩ፣ እኔ እይዝዎታለሁ።» ከኋላቸው ዞራ ቀበቷቸውን ጨበጠች፤ ጀማሪ የሚያዘው እንዲህ ነው። ባየልኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ካይቱ ቀና አለ።

ፊቷን ማየት አይችሉም። ትንፋሿ ግን ሲቆራረጥ ጀርባቸው ላይ ይሰማቸዋል።

«መልኳ ምን ይመስላል፣ ያቺ ረፊቃ?»

ስርጉት ወደ ኋላ ዞራ መንገዱን አየች። «በግራ በኩል ጉቶ አለ» ብላ ቀበቷቸውን ወደ ቀኝ ሳብ አደረገች። አለፉት።

«ረጅም ናት» አለች ቀስ ብላ። «ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች…»

ባየልኝ ዐይናቸውን ከቀዩ ጨርቅ ሳይነቅሉ፣ የልጃቸው እጅ በመራቸው በኩል፣ ወደ ኋላ ተራመዱ።