ከታኅሣሥ ዘጠኝ ማግስት

ሐኪሞች ሰው የሚሞትበትን ቀን ከካንሰር ዕጢው ፕሮቲን ማንበብ ከጀመሩ ወዲህ፣ ከቀኑ አልፎ የኖረ ተሰምቶ አያውቅም። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ላቀው የአንጀት ዕጢው ወጥቶ ሲነበብለት የተነገረው ቀን ታኅሣሥ ዘጠኝ ነበር። ታኅሣሥ ዐሥር ጠዋት ግን ነቃ፤ ያውም ርቦት።

«ስንዱ! ስንዱዬ! አለሁ እኮ!»

ሚስቱ ከሳሎን ሮጣ መጣች። ጉንጩን ዳሰሰችው፣ ጆሮውን ጎተተችው። ከዚያ ሁለቱም እየሳቁ ደጅ ወጥተው ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሱ። አንዷ ከበሮ ይዛ መጣች። ላቀው በፒጃማው እስኪያልበው ጨፈረ።

ልብስ ሊቀይር ገብቶ ቁም ሳጥኑን ሲከፍት የተሰቀሉት የስንዱ ቀሚሶች ብቻ ነበሩ።

«ልብሶቼስ?»

የስንዱ ሳቅ ቆመ። «ትናንት ከንስሐ አባትህ ጋር ተቀምጠህ ሳለ ለነዳያን ሰጠኋቸው። ዛሬ እነሱን የማይበት አቅም አይኖረኝም ብዬ ነው» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ላቀው እንባዋን በመዳፉ ጠረገላት። ከዚያ ሰፊውን አበባማ ቀሚሷን አውርዶ አጠለቀው።

«በይ ዚፑን ዝጊልኝ፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ዚፑ ወገቡ ላይ ሲደርስ አልሄድ አለ። ስንዱ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነጠላዋን ከላይ ጣል አደረገችለትና እጁን ይዛ ወደ ጭፈራው መለሰችው።