ለማየት አንድ ቦሎቄ

ሮሊ በገንዘብ ፈንታ ከሚያስይዙት ቦሎቄ ሠላሳውን በአንድ ጊዜ ወደ ጠረጴዛው መሀል ገፋና ፊቱን እንደ ዐለት አደረቀው። የያዛቸው አምስት ካርታዎች እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ባይተዋሮች ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚጫወትበት ካዚኖ ቢሆን ይህን ፊት ያየ ሰው ካርታውን ጥሎ ይሸሽ ነበር።

ጡረታ የወጡት ፖስተኛ፣ ጋሽ ክሌም፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ክምሩን አዩ። ከዚያ ሠላሳ ቦሎቄ ቆጥረው ጨመሩና ካርታቸውን ገለጡ። ሁለት ስድስት። ለማሸነፍ እሱም በቃ።

"በሁለት ስድስት ነው ይህን ሁሉ ያወጡት?" አለ ሮሊ።

"ምን እንደያዝክ ማየት አማረኝ" አሉ ጋሽ ክሌም ቦሎቄውን እየጎተቱ። "አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሳልከፍት ተሸክሜያለሁ እኮ!"

ቀድሞውንም ነገሩ የተበላሸው ሲገባ ነው። የለመደውን ሦስት መቶ ዶላር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ፣ የቤቱ ባለቤት እማማ ሄልሚ ብሩንም እሱንም ተራ በተራ አዩ። "የእኛ መግቢያ ሃያ ዶላር ነው" አሉት። "የቀረውን ከካፖርትህ ጋር ስቀለው።" ለሃያው ሰማንያ ቦሎቄ ሰፈሩለት። የቤቱንም ሕግ ነገሩት፦ በመጨረሻው ዙር፣ በመጨረሻው እጅ፣ የተሸነፈ ሳህን ያጥባል። ካርታውን ጥሎ የሸሸ ሰው ካለ ደግሞ፣ አሸናፊው ለሱ አንድ ቦሎቄ ከፍሎ የጣለውን ገልጦ ማየት ይችላል።

ሮሊ ለቦሎቄ አልመጣም። ቢውት በምትባል የአሜሪካ ከተማ የቤት ማሞቂያ ሲጠግን የኖረ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ግራ ኪሱ ውስጥ ቀለበት አለ። የእማማ ሄልሚ ልጅ ቬርና ቁርጡን ነግራዋለች። "እኔ እሺ ብያለሁ። እናቴ 'ይሁን' ሳትል ግን ቀለበት አላጠልቅም። እሷ ደግሞ ሰው የምትመዝነው በካርታ ነው።" አሁን ምድጃው አጠገብ ቆማ የሚመዘነውን ዕቃ በስጋት ታያለች።

ሮሊ ዘዴውን ቀየረ። ሦስት መቶ ዶላር የከፈለ ሰው ለብሩ ይሳሳል፤ ስለዚህ ይፈራል። ሃያ ዶላር የከፈለ ግን ገና ሲገባ የእሑድ ከሰዓት ጨዋታው ዋጋ አድርጎ ረስቶታል፤ ምኑን ታስፈራራዋለህ? ማስፈራራቱን ተወ። መጥፎ ካርታ ሲደርሰው ወዲያው ጣለ፤ ጥሩ ሲደርሰው ያለ ይሉኝታ ጨመረ። ጋሽ ክሌም ማየት ስለማይሰለቻቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቦሎቄያቸው ሁሉ ወደ ሮሊ ተሻገረ። እሳቸውም ቅር ሳይላቸው በሥጋና በድንች ወደተሞላው ዳቦ ዞሩ።

እማማ ሄልሚ ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከተቀመጡ ጀምሮ የጨመሩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱንም አሸንፈዋል። አሁን ለአራተኛ ጊዜ አርባ ቦሎቄ ገፉ።

ሮሊ ሦስት ንጉሥና ሁለት ሰባት ይዟል፤ ይህን የሚያሸንፍ ካርታ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። እጁ ሳያስበው ወደ ግራ ኪሱ ሄደ።

ካዚኖ ቢሆን ዐይኑን አያሽም ነበር። ግን ቁማር ማለት እንደየሰው ጠባይ መጫወት አይደል? ለፈሪ ማስፈራራት፣ ለጋሽ ክሌም መታገስ። ለአማትስ? ለአማት የሚስማማው መሸነፍ ነው ብሎ ደመደመና ነገሥታቱን በአፍጢማቸው ደፋቸው።

"ኧረ እርስዎንስ አልችልም፣ እማማ" አለ ድምፁን አሳዝኖ።

አንዲት ቦሎቄ ፊቱ ዱብ አለች። ሕጉን ያስታወሰው ያኔ ነው።

እማማ ሄልሚ ካርታዎቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ንጉሥ። ንጉሥ። ንጉሥ። ጋሽ ክሌም ማኘካቸውን አቆሙ። ቬርና ፊቷን በድስት መያዣው ጨርቅ ሸፈነች። ከዚያ እማማ የራሳቸውን ገለጡ፤ ከሁሉም ትልቁ ዘጠኝ ነበር። ባዶ!

"ባሌ ቶይቮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በተጫጨን ሰሞን እንዲሁ አውቆ ተሸንፎልኝ ነበር" አሉ። "ሁለት ሳምንት አላነጋገርኩትም። ምን መሰልኩህ አንተ? በከረሜላ የምታባብለኝ ሕፃን?"

"እማማ፣ ለአክብሮት ብዬ እኮ ነው..."

"አክብሮትህንም ከካፖርቱ ጋር ስቀለው! የመጨረሻዋ እጅ ናት። እንደ ሰው ተጫወት።"

ካርታ ታደለ። እማማ ያላቸውን ቦሎቄ ሁሉ ገፉ። ሮሊ ሁለት ንግሥትና ሁለት አራት ይዟል። ቀና ብሎ ሲያይ አማትም አሮጊትም አልታየውም፤ አንዲት ነገረኛ ቁማርተኛ ናት። እኩል አድርጎ ገፋ።

የሳቸው ሁለት ጃክ ብቻ ነበር።

እማማ ሄልሚ ብድግ ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ወደ ሳህኑ ክምር ሄዱ። ሮሊ "እኔ ልጠብ" ሊል አፉን ሲከፍት ቬርና ዐይኗን አፈጠጠችበት። አፉን ዘጋና ማድረቂያ ፎጣውን አነሣ።

እሳቸው አምስት ሳህን አጠቡ፤ እሱ አምስቱንም አደረቀ።

"ነገሥታቱን ስትይዝ ግራ ኪስህን ነካህ" አሉ እማማ ዞር ሳይሉ። "ጥሩ ካርታ ሲደርስህ የምታደርገው መሰለኝ። ግን ባዶ ስትሆንም ትነካዋለህ። ቬርና ስታይህም ትነካዋለህ። ይሄ የካርታ ነገር አይደለም።"

የሮሊ ጆሮ እንደ ጋለ ምድጃ ቀላ።

ያላቸውን ቦሎቄ ሁሉ የገፉ መስለው የነበሩት ሴትዮ፣ አረፋ የሸፈነውን እጃቸውን ወደ ሽርጣቸው ኪስ ሰደዱ። ያወጧትን አንዲት እርጥብ ቦሎቄ በመታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጡና ግራ ኪሱን እያዩ በአንድ ጣት ቀስ አድርገው ወደሱ ገፏት።