ግራ ጎን

ዶክተሩ በልብስ ሰፊው ብሽሽት እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ አስገብቶ ቀኝ ኩላሊታቸው ድረስ አደረሰው። የሚደማውን የደም ሥር በጥቃቅን የሽቦ ጥቅልሎች ዘጋው።

"አይዞዎት ጋሼ፣ አበቃ" አላቸው።

የሽንት ከረጢቱ ግን አሁንም ደም ይሞላል። ዶክተሩ በቱቦው በራጅ የሚታይ ቀለም ረጭቶ ስክሪኑን አየ።

"ግራውም ይደማል።"

ልብስ ሰፊው አልተኙም፤ የደነዘዘው ብሽሽታቸው ብቻ ነው። "ምን ግራ አለኝና ልጄ? ለታናሽ ወንድሜ ሰጥቼው የለ! ይዞት ተቀበረ፣ ነፍሱን ይማረውና።"

ነርሷ ልብሱን ገለጥ አድርጋ በግራ ጎናቸው ያለውን የድሮ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ለዶክተሩ አሳየችው። ስክሪኑ ላይ ግራው ኩላሊት ደም ይረጫል።

ልብስ ሰፊው አንገታቸውን አዙረው ስክሪኑን አዩ።

"እንግዲያ እሱ ነው" አሉ። "ያኔ ደሙ ሲፈስ የደረሰለት የለም። አሁን ዝጋለት።"

ዶክተሩ ቱቦውን ወደ ግራ ገፋው። ገባ። የቀረውን ሽቦ ሁሉ ጨረሰበት፤ ደሙ ግን አልቆመም።