ያሰረችው ትፍታው

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ይህ ነገር ከማንኩሳ ወዲህ ባለች ቀበሌ የሆነ ነው። አልጣሽ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ፤ ዳኘው የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። አንድ ማለት መቼም ታውቁታላችሁ፣ ዓይን ማለት ነው።

ዳኘው ከቡሬ ታንጉትን አገባ። ባገባ በዓመቱ ሆዱን ያመው ጀመር፤ ደም ያስቀምጠዋል፣ እንደ ግንቦት በሬ ጎኑ ተቆጠረ። አልጣሽ ወጡን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ።

ኋላ ደግሞ ባቱ ላይ አንዲት ብጉር ወጣች። በሳምንቷ ፈነዳችና ዳሯ የጠቆረ ቁስል ሆነች።

«የበላው ነገር ነው በእግሩ የወጣ» አሉ አልጣሽ ለጎረቤታቸው ለማሚቱ።

«ማን አበላው?»

«እኔ ነኝ እንዴ ወጥ የምሠራ?»

ከዚያ ወዲያ ቁስሉን ለሌላ እጅ አላስነኩም። ጧት ጧት በጨው ውኃና በቃጫ ደሙ ብቅ እስኪል ያሹታል። ክፉ ቁስል ድሮም እንዲያ ነው የሚጸዳ፤ እናቴም እንዲያው ታደርግ ነበር። ዳኘው ጋቢውን ነክሶ ይችላል። ታንጉት በር ላይ ቆማ፣ «እምዬ፣ እባክዎ ይተዉት» ትላለች።

«ይድንብኛል ብለሽ ፈራሽ?»

ልጅቱ አንገቷን ትደፋለች። ጥፋት ያለበት ሰው አንገቱን አይደል የሚደፋ።

ያች የበቆሎ ፍሬ ታህል የነበረች ቁስል ግን መዳፍ አከለች።

በመካከሉ የአልጣሽ እህት ደምበጫ ላይ አረፉና አልጣሽ ለልቅሶ ሄደው ሦስት ሳምንት ቆዩ። ሲመለሱ ያዩትን ማመን አቃታቸው፤ ቁስሉ ደርቆ ዳር ዳሩ ሥጋ ይዟል።

«ምን አደረግሽለት?»

«ምንም። በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንሁት እንጂ።»

ምንም ትላለች። አልጣሽ ያን ጊዜ ነገሩ በራላቸው። ያሰረ ነው የሚፈታ፤ እሳቸው ዞር ሲሉ ፈታችለት ማለት ነው። ከሥር የቀረውን መርዝ ላውጣ ብለው በማግሥቱ ቃጫቸውን አነሡ። በሳምንቱ ቁስሉ ወደ ጉልበቱ ተሳበ። ሲመጡ ደግሞ አሰረችው፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?

ሽማግሌ ጠሩ። «ያሰረችው ትፍታው፤ እምቢ ካለች ጓዟን ጠቅልላ ቡሬ ትግባ» አሉ አልጣሽ። ማሚቱም «እግሩ ሊቆረጥ ነው» እያለች ታለቅሳለች።

ታንጉት ተነሥታ እጅ ነሣች። «ፍኖተ ሰላም ሐኪም ይየው። እግሩ ይትረፍልኝ እንጂ፣ ከዚያ ሂጂ ካላችሁኝ እሄዳለሁ።»

«እሺ፣ ሐኪም ፊት ትጋለጥ» አሉ አልጣሽ። ሦስቱም ተሳፈሩ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ስለ ሆዱ ጠየቀችው፣ መረመረችው፣ የቁስሉን ዳር ዳር አየችና ዳኘውን አጽናናችው።

«ይህ ከአንጀትህ ሕመም ጋር የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ቁስል ነው። በመድኃኒት እንይዘዋለን፤ እግርህም ይተርፋል።» ቀና አለች። «ግን ይህ ቁስል በተፋቀ ቁጥር ይብሳል። እንዲህ ሲፍቀው የኖረ ማነው?»

አልጣሽ ሁለቱንም እጆቻቸውን ነጠላቸው ሥር ከተቱ።

«እኔ ነኝ» አለች ታንጉት።