ሦስተኛው ጋራዥ

«ይሄ ሦስተኛ ጋራዤ ነው፤ እጅህን እያየሁት ነው» አሉ ሰውየው፣ መካኒኩን ሺበሺን።

መኪናቸው ጥቁር ጭስ መትፋትና ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረች ከርማለች። የፊተኞቹ ሁለት መካኒኮች «ቱርቦው ይቀየር» ሲሏቸው፣ ሰውየው «ሌቦች!» ብለው ጥለዋቸው ሄደዋል። እሳቸውን ማን ያታልላል? የመኪናዋ ዕቃ እንዳይለወጥባቸው ድሮውኑ እያንዳንዱ ላይ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል፣ «ዘ»ን፣ በሰንጢ ቀርጸዋል።

ሺበሺ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባውን የጎማ ቱቦ ጠረገና ሳሙና ቀባው።

«ጋሼ፣ እስቲ ነዳጅ ይርገጡልኝ።»

መኪናው ውስጥ ገብተው ሞተሩን አስነሱና አንገታቸውን በመስኮት አስግገው ረገጡ።

«በቃ! ቱርቦው ጤነኛ ነው። ቱቦው ነው የተቀደደው፤ የዘይቱም የጭሱም መነሻ እሱ ነው።»

«ብያለሁ! እነዚያ ሌቦች ናቸው የቀደዱት!» እያሉ ወርደው መጡ።

ሺበሺ የእጅ ባትሪ አበራላቸው። ቱቦው ላይ የሳሙናው አረፋ ተኮፍሶ ጉልህ «ዘ» ሠርቷል።