የካምቢዮው የመጀመሪያ በረራ

«አይነሳም!» አለ ጋሽ ብሎን፣ የሄሊኮፕተር መጠገኛው ሃንጋር ዋና መካኒክ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰሌዳ እየጠቆመ። የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በቀይ ቀለም ተስሎበታል፤ መሣሪያዎቹም በየቅርጻቸው ላይ ተሰቅለዋል። የአንዲት ትንሽ መፍቻ ቦታ ግን ባዶ ነው። «ሞተር ውስጥ ተረስታ ከሆነ ሰማይ ላይ ትሰብረዋለች! እሷ ሳትገኝ እንኳን ሄሊኮፕተር፣ ትንኝም ከዚህ አትነሳም!»

በሩ አጠገብ የቆመችው የወጣቷ መካኒክ እናት በልቧ ተመስገን አለች።

እዚህ ሃንጋር ውስጥ፣ የሞተሩን ጉልበት ወደሚሽከረከረው የላይኛው ክንፍ የሚያደርሰውን ካምቢዮ የገጠመ ሰው በመጀመሪያው በረራ አብሮ ይሳፈራል። ይኼኛውን የገጠመችው ልጇ ናት። ቤተሰብ መጥቶ እንዲያይ ሲፈቀድ፣ እናት ምሳ ቋጥራ የመጣችው ለማየት ሳይሆን ለማስቀረት ነው።

«ካንቺ በዕድሜ የሚበልጥ ብረት ላይ ትወጫለሽ?» ብላት ነበር ምሳ ሲበሉ።

«ስሙ ነው ያረጀው እማዬ፣ ሌላው ሁሉ ተቀይሯል። ሲፈጠር ባለ ሁለት ሞተር ነበር። መድፍ ሲያንጠለጥሉበት አቃተውና ሦስተኛ ጨመሩለት። ያን ጊዜ ደግሞ ካምቢዮው አልችልም አለ፤ እሱንም አጠነከሩት።»

«አንቺ የገጠምሽውስ አዲስ ነው?»

«ፋብሪካው መሥራት አቁሟል። ከሌላ ሄሊኮፕተር ላይ ነው ያወጣነው።»

«ከሞተ ላይ?!»

«ጡረታ ከወጣ ላይ! ብይ አሁን።»

አሁን ሁሉም ይፈልጋል። አብራሪው ሳይቀር ማዕረጉን ረስቶ በደረቱ ተኝቷል፤ ከወንበሮቹ ሥር በባትሪ ያያል። ልጇ ክንዷን እስከ ብብቷ ሞተሩ መሃል ከታ ትዳብሳለች። «ለአንዲት መፍቻ!» ብሎ ያጉረመረመ የለም።

«እንግዲህ ሥሩ ገብታ እንደሆነ ለማየት ካምቢዮውን መልሰን እናወርዳለን» አለ ጋሽ ብሎን። የልጅቷ ፊት ጠቆረ። ቢሆንም «እሺ ጋሼ» ብላ መሰላሉን መውጣት ጀመረች።

እናት ላቧን የምትጠርግበት ጨርቅ ፍለጋ እጇን ዘንቢሏ ውስጥ ሰደደች። ከማንኪያዎቹ መሃል አንድ ከባድ ነገር ነካት፤ መፍቻዋ ናት። ምሳ የበሉበትን የሥራ ጠረጴዛ ስታነሳሳ፣ እንደ ልማዷ ያገኘችውን ሁሉ ወልውላ ከማንኪያዎቹ ጋር ጠቅልላው ኖሯል።

እጇ እዚያው ቀረ። ዝም ብትል ልጇ ዛሬ አትበርም። ምናልባት ነገም።

ቀና ብላ ሰዎቹን አየቻቸው። ጣት ለምታክል ብረት ወለሉ ላይ ተንበርክከዋል። ለልጄ የምሰጋው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ አለች በሆዷ።

«ጋሼ» አለች፣ መፍቻዋን ከዘንቢሏ አውጥታ እየሰጠችው። «ሌባዋ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ብሎን መፍቻዋን እያገላበጠ አያት። «እንዲህ ጸድታ አታውቅም! እትዬ፣ ምናለ ሌሎቹንም ቢወለውሉልን?»

ሃንጋሩ በሳቅ ተናጋ። ልጅቷ መሰላሉ ላይ እንዳለች ፊቷን ሸፈነች። «እማዬ፣ ጉድ ሠራሽኝ!»

«ወሬውን ተዪና ተሳፈሪ» አለች እናት።

ሄሊኮፕተሩ ሳሩን እያስተኛ ከመሬት ትንሽ ከፍ አለና አየር ላይ ቆመ። በተከፈተው በር በኩል ልጇ ትታያለች። እጇን አላውለበለበችም፤ ወደ ታችም አላየችም። መዳፏን ካምቢዮው ሥር ካለው ጣሪያ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ከድና ታዳምጣለች፤ እናቷ ድሮ ትኩሳት በያዛት ሕፃን ልጇ ደረት ላይ እጇን አኑራ ትንፋሿን ታዳምጥ እንደነበረው።